የታጁዲን ሳጥኖች

«አሰላሙ ዓለይኩም ኩብራ! ደህና ዋልሽ? ልጆቹስ? ገለምሶ ዝናብ ጥሏል ይላሉ፤ እኛ ጋ ደመናው አይቶን ብቻ ያልፋል። ከመቻራ መቼ ገባሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? ይሄን መጋረጃ አዲስ ነው የሰቀልሽው? ማሻአላህ፣ ያምራል! ድምፅ ግን አይከለክልም አይደል… ምንም አይደለም፣ ጨርቅ ነው።»

ረዲያ ከመጋረጃው ወዲያ ማን እንዳለ ታውቃለች። የኩብራ ባል ከጓደኞቹ ጋር ጫት ላይ ነበር። የከተማው መብራት ገና መምጣቱ ስለሆነ ቴፑም ተከፍቷል። ረዲያ ጭሮ ገበያ ጫት የምትሸጥ ሴት ናት፤ ወንድሟ ታጁዲን ከጦር ግንባር ከተመለሰ ብዙም አልቆየም። ኩብራ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና ብላ ወንበር ሳበችላት።

«የለም፣ አልቀመጥም፤ እግረ መንገዴን ነው። የአንድ ደግ ሰው ነገር ሰምቼ ላጫውትሽ ብዬ እንጂ። ስም አልጠራም፣ ሐሜት ሐራም ነው። ብጠራውስ ከየት ታውቂዋለሽ? እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ ይገኛል እንዴ?

ታጁዲን የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ በሚኤሶ በኩል ድሬዳዋ ሲመላለስ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሺያለሽ? አገር ለቀው የሚሄዱ ፈረንጆች ዕቃቸውን ሲሸጡ፣ ሰው በሶፋና በአልጋ ሲሻማ፣ የእኛው ጅል የማይሠራ አምፕሊፋየር ታቅፎ መጣ። በርካሽ ነዋ፣ ማን ይፈልገዋል? ከዚያ ወዲያ አዲስ ልብስ የለ፣ ጫት የለ፤ ያገኛት ሁሉ እዚያ ዕቃ ላይ አለቀች። አሠራው። ስፒከሮቹን አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ለቃቀመ። ሳጥኖቹን ከዋንዛ እንጨት በገዛ እጁ ሠራ። ውስጣቸውን በምን የሞላው ይመስልሻል? የራሱን ፍራሽ ቀዶ በጥጡ! እሱ ሰሌን ላይ ተኛ፣ ሳጥኖቹ ጥጥ ለበሱ። እንዴት እንደሳቅንበት!

አንድ ቀን ታዲያ ሳጥኖቹን አራርቆ አቆማቸው፤ ፊታቸውን ወደ አንድ ወንበር አዞረ። እናታችንን እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጠና ካሴት ከፈተ። ዘፋኙ መሀል ላይ ቆሞ የሚዘፍን ነው የሚመስለው! እናቴ ባዕድ ወንድ ቤት ገባ ብላ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። በሀብታም ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረም ኩብራ። ሰፈሩ ሁሉ ተራ እየጠበቀ ነበር የሚቀመጠው። ያ ደግ ሰውም ይመጣ ነበር… ተራውን ግን አይለቅም። ዕቃውን ወደደው፤ መውደድ ደግሞ ምን ነውር አለው?»

ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው ጨዋታ ቀዘቀዘ። ኩብራ ጠጠሩንም ምስሩንም አንድ ላይ መጣል ጀምራለች።

«ጦርነቱ መጣና ታጁዲን ከነመኪናው ዘመተ። ዕቃውን ለማን ይተወው? ለእኔ? እኔ ምን አውቅና! ለአብሮ አደጉ ነው እንጂ፣ ለደጉ ሰው። ‹እንዳይበላሽ እየከፈትክ ስማበት› አለው። ሰማበት… አጥብቆ ነው የሰማበት! አደራ ሲቆይ የራስ እየመሰለ ይሄዳል መሰለኝ። አሁን ለእንግዳ ‹ከድሬዳዋ የመጣ ነው› ይላል አሉ። ምን ዋሸ? ከድሬዳዋ ነው የመጣው! አያያዙንስ ብታዪ። ሳጥኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ቁምሳጥን ላይ ሰቅሏቸዋል። ዳንቴል አልብሷቸው፣ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጦባቸዋል። ድምፁ አሁን ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል… ዳንቴሉ ግን አቦ፣ እንዴት ያምራል! ጆሮ የሌለው ሰው ዓይን ቢኖረው ጥሩ ነው።»

በውስጥ ያለ አንድ እጅ ቴፑን ጮክ አደረገው። ዘፈኑ ቤቱን ሞላው። ረዲያም ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ገበያ ላይ የኖረች ሴት ናት።

«ጎሽ! ዘፈን ደስ ይላል። ታጁዲን ግን ይህን ያህል ቢጮህም ከደጅ ሆኖ አይሰማውም። መድፉ አጠገቡ ነው የፈነዳው። ግራ ጆሮው ጨርሶ ሄደ፣ ቀኙ ጥቂት ጥቂት ይቀበላል። ሲመለስ ‹ዕቃዬን› አላለም፤ ይሉኝታ ይዞት። ባለፈው ጁምዓ፣ አንቺ መቻራ ሳለሽ፣ ‹አንዴ ልስማውና ልምጣ› ብሎ ወደ ደጉ ሰው ቤት ሄደ። ወንበር ላይ ወጥቶ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ። በእጁ ይሰማዋል፣ ታምኚያለሽ? ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ያንጎራጉር ጀመር። ከተመለሰ ወዲህ አንድም ቀን አንጎራጉሮ አያውቅም።

ደጉ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተነሥቶ ዘጋዋ! ‹እጅህን አንሣ፣ ቀለሙ ይለቃል› አለው። ጥንቃቄውን አየሽልኝ? ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረና ‹ለደንቆሮ ቴፕ ምን ያደርግለታል?› አላቸው። ደግሞ አዛኝ ነው እኮ… እንዳይሰማው ብሎ ቀስ አድርጎ ነው ያለው። በምትቀበለው ጆሮው ሥር መቆሙን ረስቶት ነው እንጂ።

ታጁዲን ቤት ገብቶ ይህን ሲነግረኝ ወላሂ አልተቀየምኩም። ላመሰግነው ነበር የወጣሁት፤ ምን ላድርግ፣ ቤቱ ጠፋኝ። አንቺ ከማንም ቀድመሽ ታገኚው ይሆናል… ሰላም በይልኝ።»

ኩብራ ሰፌዱን መሬት ላይ አኖረች። ቀሚሷን አራገፈች፣ መጋረጃውን ገለጠችና ገባች። ዘፈኑ መሀል ላይ ተቆረጠ። አንድ የወንድ ድምፅ «ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ። ኩብራ አንዱን ሳጥን ታቅፋ ወጣችና ረዲያ እግር ሥር አስቀመጠችው። ተመልሳ ሁለተኛውን አመጣች። ቀጥላም አምፕሊፋየሩን፣ ሽቦው መሬት ለመሬት እየተጎተተ። ፊቷ በላብ ወርዝቷል፤ ረዲያን ቀና ብላ አላየቻትም።

ረዲያ ልትናገር እንጂ ልትወስድ አልነበረም የመጣችው። የዋንዛው እንጨት ላይ የወንድሟን የመጥረቢያ ምልክት ስታይ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ከመንገድ ሁለት ተሸካሚዎች ጠርታ ዕቃውን አስነሣች። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ እንጂ ብቅ ያለ የለም።

ደጃፉ ላይ ስትደርስ ወደ መጋረጃው ዞር አለች። ድምፅዋ ማር ሆኗል።

«በሉ እንግዲህ፣ ጫታችሁ ይጣፍጥ! ያንን ደግ ሰው በዱዓችሁ አትርሱት። አላህ ዕድሜ ይስጠው፣ ጤና ይስጠው፣ ሀብት ይጨምርለት። ሩቅ አገር የሄደ ዕለትም ቤቱንም ልጆቹንም አደራ የሚሰጠው ጓደኛ አያሳጣው… ቁርጥ እሱን የመሰለ! አሚን በሉ እንጂ!»