ጅብ ሲፈራ ቁርበቱን ያረጠበው ወንድሜ

በእኛ ጊዜ ፍራሽ የት አለ? ቁርበት ነው! ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው የምልሽ፣ ከድብ ባሕር በላይ ደጋው ላይ ነበርን፣ እና አንድ የበሬ ቁርበት መደብ ላይ ተነጥፎ፣ እኔና ወንድሜ እዚያ ላይ በአንድ ጋቢ። አንቺ ስንዱ፣ ምነው ልጁን እንዲህ ትቆጪዋለሽ? ፍራሹን ቢያረጥብ ፀሐይ አለ፣ ይደርቃል! ና ዳዊት፣ ና የኔ ሸጋ፣ አጠገቤ ተቀመጥ። አያትህንም አትፈረው። ይኼ አሁን መሪጌታ ተብሎ መቋሚያውን ይዞ የሚኮፈሰው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ያን ጊዜ ተገኘ ነበር የምንለው፣ እና ተገኘ ይሸና ነበር።

«ተይ እንጂ እታለም!»

ምን እተዋለሁ! ይሸና ነበር ስልሽ፣ ዋዛ እንዳይመስልሽ። የምረጥበው ደግሞ እኔ ነኝ! ጧት ጧት ቁርበቱን አጥር ላይ የማሰጣው እኔ፣ ውኃ ልቀዳ ስወርድ እኩዮቼ አፍንጫቸውን የሚይዙብኝ እኔ። እናቴ ማታ ማታ ቅራሪ ከለከለችው፣ አልሆነም። እሳት ስትቆሰቁስ እየዋልህ ነው ብላ ከምድጃው አራቀችው፣ አልሆነም። ታዲያ ጎረቤታችን አያ ቢተው መጣና በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ «ሳማ! ሳማ ነው መድኃኒቱ! ለብለብ አርጊው፣ ይተዋል!» አላት። ለበለበችው። ልጁ መቀመጫውን ይዞ ሲንጫጫ ዋለ፣ ሌሊት ደግሞ እያቃጠለውም ሸና።

ታዲያ እናቴ ጭንቅ ጥብብ ሲላት ለጊዮርጊስ ተሳለች። «የዚህን ልጅ ሽንት አቁምልኝ፣ ጃንጥላ አገባለሁ፣ ያደረግህልኝንም በንግሥህ ቀን አገር በተሰበሰበበት እናገራለሁ» አለች።

እኔ ደግሞ አንድ ቀን ከገብሱ ወፍ ስንጠብቅ፣ «አንተ፣ ምነው ተነሥተህ አትወጣም?» አልሁት።

«ጅቡስ?»

«የምን ጅብ?»

«ከአጥሩ ሥር የሚጮኸው! መንቃቱንስ እነቃለሁ፣ እሱን ስሰማ ተመልሼ እተኛለሁ፣ ከዚያ ያመልጠኛል።»

አይ ተገኘ! ያ ሁሉ ሳማ! ማንም እኮ አልጠየቀውም፣ ሁሉም ይቆጣዋል እንጂ የጠየቀው የለም። እኔ ምን አደረግሁ፣ አፉ የተሸረፈ አሮጌ ገንቦ ነበረን፣ ከበሩ ጀርባ አቆምሁለት። አለቀ! ቁርበቱ ደረቀ። እናቴ እልል አለች፣ እና ስለ ገንቦው ብነግራት፣ «ገንቦውንስ ማን አሳየሽ? ጊዮርጊስ አይደል?» ብላ አፌን ዘጋችኝ። ጃንጥላውንም ከጎንደር አስመጣች፣ «እንግዲህ ለንግሥ ወጥቼ እናገራለሁ» አለች። ተገኘ ይኼን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

እና በማግሥቱ ቁርበቱ ርሶ አደረ! እናቴ ደረቷን ደቃች። እኔ ግን እጄን ሰደድ አደረግሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። አይሸትም! የእሱን አውቀዋለሁ እኮ፣ ስንት ዘመን አብሬው አድሬ! ጆሮውን ይዤ፣ «አንተ፣ ይኼ የእንስራ ውኃ ነው!» አልሁት።

«በቅል አፈሰስሁት» አለኝ እያለቀሰ። «ካልተውሁ አትናገርም። አገር ፊት ሽንታም ከምባል እንደ ሸናሁ ልኑር!»

ለእናቴ ነገርኋት። እሷም አዘነችለት፣ ግን ስለት ነው፣ ምን ታድርግ? «ጊዮርጊስን ልዋሸው?» አለች።

ንግሡ ደረሰ። ታቦቱ ዞሮ ቆመ፣ ስለት ያለው እየወጣ ይናገራል፣ አንዷ «ላሜ ከገደል ተረፈችልኝ» ትላለች፣ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል። ታዲያ እናቴ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች። ተገኘ ከወይራው ግንድ ጀርባ ተለጥፎ ጋቢውን ነክሶ ይንሰቀሰቃል። አየችው። እና ምን ብትል ጥሩ ነው?

«እኔ ኃጢአተኛዋ ሌሊት ሌሊት መኝታዬን አረጥብ ነበር፣ ጊዮርጊስ ገላገለኝ!»

እግዚኦ! እልል የሚል ጠፋ። አባቴ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበ፣ አያ ቢተው አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ይኼኔ ከወይራው ጀርባ፣ «ውሸቷን ነው! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሸናሁት!» እያለ ተገኘ ሮጦ መጥቶ የእናቴን ቀሚስ ጨበጠ። ቀጭን ድምፅ፣ ግን ገደሉ ማዶ ድረስ የሚሰማ! ቄሱ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ «በይ፣ ስለትሽ ደርሷል፣ ተናጋሪው ብቻ ነው የተለወጠ» አሉ፣ እና እልልታው ሆነልሽ! እናቴ እዚያው ቁጭ ብላ አቀፈችው። እኔም አለቀስሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መጀመሪያ ያሰማት ዜማ እንግዲህ እሷ ናት!

ሽንታም ያለውም የለ። እንዲያውም ሲመሻሽ አያ ቢተው መጣልሽ፣ ያ ወፍራም ድምፅ የት እንደ ገባ እንጃ፣ «እስቲ ያን ገንቦ አሳዪኝ፣ ለልጅ ነው» አላት እናቴን በሹክሹክታ። ለየትኛው ልጅ? ልጆቹ ሁሉ ተድረው ተኩለው ወጥተዋል!

«አባባ፣ እውነት ነው?»

እይው፣ ጠየቀው! በል መልስለት መሪጌታ።

«እውነት ነው ልጄ። እኔ ጅቡን ነበር የምፈራ፤ አንተስ?»

«ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ አምፖሉም ተቃጥሏል።»

ቂ ቂ ቂ! ሰማሽ ስንዱ? ሰማሽ?