የጋሼ ሰይድ ካልሲ

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ የዌሪቢው ጎረቤቴ ጋሼ ሰይድ ብርዳማው ክረምት ሲገባ የሣር ማጨጃቸውን ጋራዥ ባስቀመጡ ማግስት ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ብርዱ ሲወጣ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ፣ "ልጄ፣ እስቲ ያንን ማሽን አስነሳልን። ሰውዬው ሣሩን ባየ ቁጥር ይከፋዋል" አሉኝ። ከናይት ሺፍት እንደወጣሁ ሄድኩ። የከረመውን ቤንዚን ቀድቼ አወጣሁና አዲስ ሞላሁ፤ ካንዴላውን ፈትቼ ወለወልኩ። ገመዱን ብስብ፣ ብስብ፣ ትከሻዬ እስኪገነጠል ብስብ፣ ወይ ፍንክች! በረንዳው ላይ የተቀመጡት ጋሼ ሰይድ በደህናው እጃቸው እግራቸውን ይመታሉ። "በረደህ እንዴ?" ብለው እትዬ ዘሃራ ብርድ ልብስ ጣል አደረጉባቸው። አሽቀንጥረው ጣሉት። ካልሲያቸውን አወለቁ፤ እትዬ መልሰው አጠለቁላቸው። እንደገና አወለቁና ወደ እኔ ወረወሩት።

የተቆጡኝ መስሎኝ ካልሲውን ላነሳ ጎንበስ ስል የማሽኑ ማርሚታ ፊት ለፊቴ ሆነ። የጭስ መውጫው ውስጥ ሌላ አሮጌ ካልሲ ተጠቅጥቋል። "ያረቢ! ብርድ እንዳይገባው ብሎ በየክረምቱ ይወትፈው ነበር እኮ!" አሉ እትዬ ዘሃራ። ካልሲውን መዝዤ አንዴ ብስበው ሞተሩ ተነስቶ ጓሮውን አናጋው። ጋሼ ሰይድ ሳቁ፤ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። እትዬ ማሽኑን ዞር ብለውም አላዩት፤ እሳቸውን እያዩ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ብርዱ ሲመለስ ማሽኑን ጋራዥ ላስገባ ሄድኩ። ጋሼ ሰይድ አንድ እግራቸውን ባዶ አድርገው፣ ካልሲያቸውን ይዘው በረንዳው ላይ እየጠበቁኝ ነበር።