አሥረኛዋ ኳስ

ወይዘሮ ቬልማ ኦስትራንደር በዚያች ትንሽ የኢንዲያና ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ውጤት መመዝገብ ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ያን ዕለት ጠዋት ከአንድ ፕሮፌሽናል ክለብ የተላከ ተጫዋች መልማይ አጠገባቸው ተቀምጦ ደብተራቸውን ያገላብጣል። ሊመለምለው የመጣው ረጅሙ የፊት መስመር ተጫዋች ደግሞ ሁለት እርምጃ ፈንጠር ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ይሰማል። ወይዘሮ ቬልማም ድምፃቸውን ያልቀነሱት እንዲሰማ ነው።

«መንገዱ እንዴት ነበር ልጄ? በረዶው አላስቸገረህም? ያቺን ትራስ ሳብና ቁጭ በልባት፤ ይኼ ወንበር ወገብ አይምርም። ከቼሪ ፓዩም ቅመስ እንጂ፣ ለማን ብዬ ጋገርኩት? እኛ እዚህ ካለን ላይ ቆርሰን ስንሰጥ ነው ያደግነው። ሁላችንም አልልህም... ብዙዎቻችን።

«ስለዚያ ልጅ ነው የመጣኸው አይደል? ስሙን ምን አስጠራኝ፣ ማሊያው ላይ ተጽፎ የለ? እሱም እንዳንረሳው ብሎ ባስቆጠረ ቁጥር በጣቱ ያሳየናል፤ አሳቢ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ወርቅ የያዘ እጅ ደግሞ መቼ ይከፈታል? ዝላዩንስ አየኸው? ከራስ በላይ ነፋስ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር... ይኼ ልጅ ሲዘል ግን በዓይኔ አየሁት። ጓደኞቹንም አያደክምም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል የለ? እሱ ሃምሳውንም ብቻውን ይሸከመዋል፤ ጎሽ! አራቱ ላብ እንኳ ሳይነካቸው ቤታቸው ይገባሉ። እናቶቻቸው ከማሊያ አጠባ እንዴት እንደተገላገሉ ብታይ!

«እስቲ የመጨረሻውን ጨዋታ ግለጠው። አዎ፣ እሱን። ሃያ አራት ነጥብ፣ አሥር ተመላሽ ኳስ። አሥር ሲሆን ወረቀት ላይ ያምራል አይደል? ሠላሳ ሰከንድ ሲቀር ግን ተመላሹ ገና ዘጠኝ ነበር... በአንድ ነጥብ እየመራን፣ ከቅርጫቱ ሥር ብቻውን፣ ሕፃን እንኳ የማይስተው ቦታ ላይ ነው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኳሷን በቀስታ ቦርዱ ላይ መትቶ ሳተና፣ ተመልሳ ስትመጣ ራሱ ያዛት! የሳተችን ኳስ የያዘ ሰው ተመላሽ ተብሎ ይቆጠርለት የለ? አሥር! እንዲህ ያለ ብልህ አይተህ ታውቃለህ? እንደገና እስኪወረውራት ድረስ ግን ባላጋራዎቻችን ደርሰው ቀሙት፤ ሮጠውም አስቆጠሩብን። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። እኔም አሥረኛዋን ጻፍኩለት፤ ሐቅ ሐቅ ነው። አንተንስ በዚህ በረዶ እዚህ ድረስ ያመጣችህ እሷ አይደለችም?»

የጫማውን ማሰሪያ የያዙት ጣቶች ቀጥ አሉ። ወይዘሮ ቬልማ አይተዋል፤ ግን ፓዩን መቁረስ ቀጠሉ። በዚያ ጨዋታ፣ ኳሷ በተሳተችበት ሰዓት፣ የልጅ ልጃቸው ዊንስተን ከቅርጫቱ ወዲህ ሁለት እጁን ዘርግቶ ኳስ እየጠበቀ ነበር። የአራት ዓመት የመጨረሻ ጨዋታው ነበር፤ እሱን የሚጠይቅ ክለብ የለም። ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል።

«የኔው ዊንስተን ምን አለኝ መሰለህ? ‹አያቴ፣ እጄን ያነሳሁት ላጨበጭብለት ነው› አለኝ። ከሰኔ ጀምሮ እህል ጎተራው ውስጥ ሥራ ይገባል። እዚያ ጆንያ የሚነሳው ለሁለት ነው አሉ... ከዚህ ልጅ ጋር ሦስት ዓመት ተጫውቶ ለሁለት ማንሳት ይከብደው ይሆን ብዬ ሰጋሁ እንጂ፣ ሌላስ ቅሬታ የለኝም።

«ታዲያ ይሆናል ወይ ትለኛለህ? እንዴት አይሆንም! ነገውኑ ይፈርም። አንድ ዓመት ይቆይና ይብሰል የሚሉትን አትስማ፤ በሦስት ዓመት እሳት ያልበሰለ በአራተኛው ምን ሊሆን? ደግሞ እናንተ ዘንድ ከእሱ የሚረዝሙ፣ ከእሱ የሚዘሉ ሞልተዋል አሉ። ኳሷ ግን እዚያም አንድ ናት አይደል?... እንግዲህ አንዱ ያቀብለዋላ!

«በል፣ ፓዩን ጨርስና እኔም ያንን ልጅ መርቄው ልነሳ፤ እሱም ልጄ ማለት ነው። አሜን በል አንተም። ጉልበቱን ከጉዳት ይጠብቅለት። ከትልቁ ክለብ ያግባው። በሄደበትም ሁሉ... አብረውት የሚሰለፉትን አራቱንም፣ አንድም ሳይጎድል፣ ልክ እንደ ራሱ ያድርግለት።»