ከዶሮ ቤት የወጣ ሸማ

ቀሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ ከቅርብም ከሩቅም ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ እግዚአብሔር እግራችሁን ይባርክ። ጥቂት ታገሡኝና፣ በፊታችን የተኙትን የአቶ ዘመዱ ጀምበሬን የሕይወት ጉዞ ላንብብላችሁ። እኔ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ሰይፉ ነኝ። እርሳቸው ቢሰሙኝ «አንተ ሰይፉ፣ ነገር አታርዝም» ባሉኝ ነበርና ለማሳጠር እሞክራለሁ፤ እንደማይሆንልኝ ግን አስቀድማችሁ እወቁት።

አቶ ዘመዱ ከአባታቸው ከአቶ ጀምበሬ ውቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትሁን አለሙ፣ በጎንደር፣ በወገራ፣ በ1948 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። ገደማ ማለቴ፣ እናታቸው ስለ ልደታቸው ሲጠየቁ «ገብሱ እጅግ ያማረበት ዓመት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ምስክር ስላልነበራቸው ነው። አባታቸው ስመ ጥር ሸማኔ ነበሩና፣ ሕፃኑ ዘመዱ የመወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ መመላለስ እየሰሙ እንቅልፍ ይወስዳቸው፣ ድምፁ ሲቋረጥ ደግሞ ነቅተው ያለቅሱ ነበር ይባላል። እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር፣ ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው ሙያውን ለመዱ። ሀገሬው ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን የሚንቅበት ዘመን ነበር፤ ስድቡንም ገና በልጅነታቸው እስኪጠግቡ ሰምተውታል።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በካህኖቻችን በቀሶቹ ቡራኬ እህቴን ወይዘሮ ማናለሽን አገቡ። በእኛ ሥርዓት ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ፈታይ ያጣ ሸማኔ ዘር ያጣ ገበሬ ማለት ነው። የማናለሽ ፈትል ደግሞ፣ እህቴ ስለሆኑ አይደለም፣ በአካባቢው አቻ አልነበረውም። ሁለቱ አንድ ሸማ ሲጨርሱ ምስጋናውን አንዱ ለሌላው እየሰጡ ይከራከሩ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ከአይሁድ ወገናችን ጋር በእግራቸው ተጉዘው ሱዳን ገቡ፤ በመጠለያው ብዙ ወዳጅ ዘመድ ከቀበሩ በኋላም፣ ከአባቶቻችን ጀምሮ ስንናፍቃት ወደ ኖርናት ቅድስት ሀገር በአውሮፕላን ገቡ። የሽመናው ዕቃ እዚያው ሀገር ቤት ቀርቷል፤ እህቴም «እሰይ፣ ስድቡም አብሮት ቀረ» ማለታቸውን እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።

ናታንያ ከተማ እንደሰፈሩ አቶ ዘመዱ ከፋብሪካ ገቡ፤ በዕብራይስጡ ሚፍዓል እንለው የለ። ዕቃ እያሸጉ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ አሳለፉ። ሥራው ሥራ ነው፣ ልጆች አሳድገውበታል፣ አይነቀፍም፤ የፈረቃው አለቃ ሽሎሚም ቢሆን «ዘመዱ ካለ እኔ ቤቴ ልተኛ» እስኪል ድረስ ይወዳቸው ነበር። ነገር ግን ወገኖቼ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ደወል ሲደወል ይነሣሉ፣ ደወል ሲደወል ይበላሉ፤ ያሸጉት ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚከፍተው አያውቁም። በዚያ ዘመን አንድ ሕልም ጀመራቸው። ከቀዝቃዛ አፈር ውስጥ እግራቸውን ሰድደው ተቀምጠዋል፤ ድሩ ከፊታቸው ተዘርግቶ፣ ተዘርግቶ፣ ከባሕሩ ላይ አልፎ ጫፉ አይታይም፤ እርሳቸው ሳይደክሙ ይሸምናሉ፣ ባሕሩም ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይነጣል። ይኸው ሕልም ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ይመላለስ ነበር። እህቴ ጧት ጧት «ዛሬም እንደ በቅሎ ሲራገጡብኝ አደሩ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

የመጨረሻ ልጃቸው ሃዳሳ ከሠራዊት ስትመለስ፣ አቶ ዘመዱ ፋብሪካውን ለቅቄ ለራሴ አድራለሁ፣ እሸምናለሁ ብለው ተነሡ። ሳቃቸውን የለመድነው እህቴ ያን ቀን እሳት ጎርሰው እሳት ለበሱ። ቋሚ ሥራውን ጥሎ የወጣ ያገራችን ሰው መጨረሻው ከአደባባዩ ከኪካር ወርዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ርግብ ማየት ነው ብለው ሰጉ፤ ደግሞም ያ የድሮ ስድብ ባሕር ተሻግሮ በልጆቼ ላይ ይመጣል ብለው ፈሩ። «አንቱ ከፈለጉ ይሸምኑ፤ እኔ ግን አንዲት ክር አልፈትልልዎትም» ብለው ማሉ። አቶ ዘመዱ ከዚህ መሐላ በላይ ያዘኑበት ነገር የለም። ለራስ ማደርን ተመኙ እንጂ ብቻ መቅረትን አልተመኙም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ከዚያ የመጣውን ስሙልኝ። ያገራችን ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሠራው፤ ታዲያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ጉድጓድ ከየት ያምጣ? አቶ ዘመዱ አንድ ዓርብ ዶማ ይዘው ከሕንፃው ጓሮ ወረዱና፣ ከአበባው አጠገብ ሰፋ አድርገው መቆፈር ያዙ። ሳያልቅላቸው ሰንበት ሊገባ ሆነ፤ ሰው እንዳይወድቅበት ብለው ነጭ አንሶላ ጣል አድርገውበት ቆሙ። ከታች የምትኖር ረዑት የምትባል ጎረቤት በመስኮት ብታይ፣ ጉድጓድ፣ ዶማ፣ ነጭ ጨርቅ! ጩኸቷን አቀለጠችው። ፖሊስ ሲመጣ አቶ ዘመዱ በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጣቸው ረጋ ብለው «አትሥጉ፣ ለእግሬ ነው» ብለው አስረዱ። ፖሊሱም የቀረው አካልስ የት ሊሄድ ነው ብሎ ጠየቀ። ልጃቸው ባር ሮጦ ወርዶ ነገሩን ባያስረዳ ኖሮ፣ ሰንበትን በእስር ቤት ያከብሯት ነበር።

ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ወሬው ግን አልተደፈነም። ረዑት በነገሩ አፍራም ስቃም፣ እዚያው አቅራቢያ ኤቨን የሁዳ ለሚኖር ለአጎቷ ለጊዶን አጫወተችው። ጊዶን ስቆ ሲያበቃ፣ ከብርቱካን እርሻዬ ጀርባ ዶሮ የማረባበት የነበረ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ባዶ ቤት አለኝና መጥተው እንደ ልባቸው ይቆፍሩ ብሎ ላከላቸው። አቶ ዘመዱ በማግሥቱ ሄዱ። ዕቃውን ሁሉ ከአእምሯቸው እያወጡ በገዛ እጃቸው ጠርበው፣ አስረው፣ ሰቅለው ሠሩት። የዶሮ ላባ ለብዙ ወራት ከድሩ እየገባ አብሮ ሲሸመን ያስቸግራቸው እንደነበር አይረሳኝም።

የመጀመሪያው ዓመት መራራ ነበር። ከገበያ በገዙት ክር ይሸምናሉ፣ ሸማው ይወጣል፣ ነፍስ ግን የለውም። ራሳቸው ለመፍተል ቢሞክሩ ከእጃቸው የወጣው ክር በሬ የሚጠመድበት ገመድ ሆነ። እህቴ ያን ደጃፍ አልረገጡም፤ ራት ያቀርባሉ፣ ስለ ሥራው አይጠይቁም። ታዲያ ብርቱካኑ ባበበበት ወራት አንድ ቀን አቶ ዘመዱ ከቤት ሲገቡ፣ ማናለሽ ሳሎን ተቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩ አገኟቸው። ምነው፣ ምን ተገኘ ቢሏቸው «ዝም ብለው ይብሉ» አሏቸው። መሐላው ለምን እንደፈረሰ አቶ ዘመዱ አላወቁም፤ ትልቋ ልጃችን ዲክላ ለምናልኝ ይሆናል፣ ወይም ለሽበቴ አዝነውልኝ ይሆናል እያሉ እስከ መጨረሻቸው ድረስ ይገምቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን፣ ራሳቸው እንደሚሉት፣ ነቅተው ያለሙት ሕልም ነበር። ጧት ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተነሥተው በአውቶቡስ ኤቨን የሁዳ ይወርዳሉ፣ በብርቱካኑ ረድፍ ጤዛውን እየረገጡ አልፈው ከዶሮ ቤታቸው ይገባሉ። በቆርቆሮው ሽንቁር የሚገባው ብርሃን በድሩ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ሰዓታቸው እርሱ ነበር። ሲደክማቸው ከዛፍ ሥር ጋደም ይላሉ፤ ሲነቁም አበባው በላያቸው ረግፎ፣ እንቅልፉ የቱ ላይ እንዳበቃ፣ ሥራው የቱ ላይ እንደጀመረ መለየት ያቅታቸው ነበር። ለሙሽሮች ኩታ፣ ለአራሶች ጋቢ ሸመኑ፤ የልጅ ልጃቸው ሊአድ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ባር ሚጽቫውን ባደረገ ጊዜ የለበሰውን የጸሎት ኩታ፣ ጣሊቱንም፣ ሴት አያቱ ፈትለው ወንድ አያቱ ሸመኑት። ያ ስድብ ይደርስባቸዋል ተብሎ የተፈራላቸው ልጆችና የልጅ ልጆች፣ አባታችን፣ አያታችን ሸማኔ ነው እያሉ ለጓደኞቻቸው ይኩራሩ ጀመር። ሽሎሚም ሊጠይቃቸው መጥቶ «እዚህስ አለቃህ ማን ነው?» ቢላቸው፣ «ክሩ ነው፤ ከቸኮልሁ ይበጠስብኛል» አሉት። እኔ ሰይፉ በዚህ ሀገር ብዙ ሀብታም አይቻለሁ፤ እንደ እርሳቸው የጠገበ ሰው ግን አላየሁም።

ባለፈው ክረምት ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው እያበጠ መርገጫውን እምቢ አለ። ቢሆንም ባር በመኪና እየወሰደ ከዶሮ ቤቱ ደጃፍ ያስቀምጣቸው ነበር፤ ፀሐይ እየሞቁ ድሩን በዓይናቸው ሲያቃኑ ይውላሉ። ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ነርሷ፣ ጡረታ ወጥተዋል ወይ ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ማን አባቱ ያስወጣኛል!» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። ትናንት ጧት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከበዋቸው ሳሉ፣ ሳይጨነቁ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ።

አቶ ዘመዱ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ዲክላን፣ ባርንና ሃዳሳን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሊአድንና ኦፍሪን፣ እንዲሁም የትዳር አጋራቸውን ወይዘሮ ማናለሽን ትተው ሄደዋል።

አንዲት አደራ ቀርታኛለች። ይህን ስጽፍ እህቴ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና፣ «ለእርሳቸው ያልነገርኋቸውን በፊታቸው አንብብልኝ» አሉ። በዚያ በአበባው ወራት፣ እህቴ ኤቨን የሁዳ የወረዱት «ይብቃ፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ» ብለው ሊጣሏቸው ነበር። ከዶሮ ቤቱ ግድግዳ ሲደርሱ ግን ዜማ ሰምተው ቆሙ። አቶ ዘመዱ ነበሩ። በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ በሠርግም በሲግድ በዓላችንም፣ የእርሳቸው ድምፅ ብቻውን ወጥቶ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። እህቴ ግድግዳውን ተደግፈው እያለቀሱ እስኪያበቃ ሰሙና፣ ሳይታዩ ተመልሰው፣ በመንገድ ጥጥ ገዝተው ገቡ። ከዚያም ወዲህ ስንት ጊዜ ተደብቀው ሄደው እንዳዳመጧቸው እህቴ ያውቃሉ። ታዲያ ምነው ሳይነግሯቸው ቀሩ ብላቸው፣ «ብነግራቸው አፍረው ዝም ይሉብኝ ነበር» አሉኝ።

አቶ ዘመዱ፣ ከእንግዲህ የሚያፍሩበት የለም። ብቻዎን ያዜሙ መስሎዎት ነበር፤ ማናለሽ ከግድግዳው ወዲያ ቆመው ይሰሙዎት ነበር። የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ ነፍስዎን ከጻድቃን ጋር ያሳርፍልን፤ እኛን የቀረነውንም ያጽናናን። አሜን።