ለወለላ የሚናገርላት

ቅዳሜ ጠዋት እንደወትሮዬ ማልጄ ተነሣሁ። ግቢውን ጠረግሁ፤ የሌሊቱ ዝናብ የሞላውን በርሜል ከደንሁ፤ ያደረ ቂጣ በሻይ በልቼ የምሥራችን ልጠራ ወጣሁ። የምሥራች በሚዛን ተፈሪ ትምህርት ቤታችን መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት የተከፈተውን ልዩ ክፍል የምታስተምር ወጣት ናት። ሥልጠናዋን አዲስ አበባ ጨርሳ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። በሥራዋ ትጉህ፣ በክርክር ችኩል ናት። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ነኝ። ያን ዕለት ጠመኔና ደብተር ልናመጣ ወደ ቴፒ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈርን።

ሸኮን ሳናልፍ መኪናውን ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ እስኪያወጣው ድረስ ከመንገዱ በላይ ወዳለ አንድ ግቢ ጠጋ አልን። የግቢው ባለቤት አቶ ባዘዘው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በቀርከሃ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ዐሥር ዓመት ከሚሆናት ልጅ ጋር ያገላብጡ ነበር። ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታን ስለነበር ሰላምታችንን አልመለሰችም። ሽማግሌው ትከሻዋን ነካ አድርገው በጣታቸው አንድ ነገር አሳዩዋት፤ ዘወር ብላ አየችንና በርጩማ ልታመጣልን ሮጠች።

«የልጄ ልጅ ናት፤ ወለላ ትባላለች» አሉን። «እናቷ በሕፃንነቷ ነው የሞተችባት። ዲዳ ናት፤ እኔ ግን እሰማታለሁ።»

የምሥራች ይህን ስትሰማ ገና በርጩማው ላይ ሳትቀመጥ ጀመረች። ስለ ልዩ ክፍሉ ነገረቻቸው፤ ትምህርቱ የመንግሥት እንደሆነና ክፍያ እንደሌለበት፣ በእጅ ምልክት እንደሚሰጥ፣ ማንም ዜጋ ከትምህርት ሊቀር እንደማይገባው ዘረዘረች። አቶ ባዘዘው አላቋረጧትም። ስትጨርስ በመጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ቀጥሎም ስለ ወላጆቿ ጤና ጠየቋት።

«እንግዲህ ጓድ መምህርት» አሉ በመጨረሻ፤ «ለመሠረተ ትምህርት እኔን መዝግበውኛል። ጊዜ ቢያገኙ በሬዬንም ይመዘግቡት ነበር። ይህችን ልጅ እንኳ ተዉልኝ።»

የምሥራች ፊቷ ቀላ። ሽማግሌው ግን ክፋት አልነበረባቸውም። እሳቸውና ወለላ የራሳቸው ምልክት እንዳላቸው ነገሩን፤ ለዝናብ፣ ለደረቀ ቡና፣ ለዝንጀሮ፣ ለሁሉም። የግብርና ሠራተኛውን በቦርጩ፣ ጎረቤታቸውን አሰጋሽን በአረማመዷ ይጠሯቸዋል። ሲያሳዩን ወለላ በሳቅ ቡናውን ልትደፋው ነበር።

«እናንተ ዘንድ ሌላ ምልክት ትማራለች» አሉ ሳቁ ካለፈ በኋላ። «ይኸኛውን ትረሳዋለች። ያን ጊዜ እኔ ምን ልሁናት?»

የምሥራች መልሱ በአፏ ሞልቶ ነበር፤ ዝም እንድትል በዓይኔ ለመንኋት። እኚህ ሰው የትምህርት ጠላት አልነበሩም። ሰው የሚወደውን እንዳያጣ ሲፈራ ማስረጃ ቢደረደርለት አይሰማም። ይህን ያወቅሁት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም።

«አባባ» አልኋቸው፤ «እርስዎ በሌሉበት ጊዜ ማን ይናገርላታል?»

«ጎረቤት አለ። በዚህ ሰፈር እሷን የማይወድ የለም። የደረሰችበት ቤት ሁሉ የሚበላ ነገር እጇ ላይ ሳያደርግ አይመልሳትም።»

ይህን ሲሉ እጃቸው ቡናው ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ የነገሩንን ሊነግሩን አስበው የነበረ አይመስለኝም።

ባለፈው ጥቅምት ወባ ይጥላቸዋል። ከአልጋ መነሣት አቅቷቸው ሲያቃስቱ ወለላ ሰው ልትጠራ ወደ አሰጋሽ ቤት ትሮጣለች። አሰጋሽ የተቀቀለ ጎደሬ ታስይዝና ትመልሳታለች። ወደሚቀጥለው ቤት ብትሄድ የተጠበሰ በቆሎ ይሰጧታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት ሙዝ።

«ሁሉንም አምጥታ አልጋዬ ሥር ቆለለችው» አሉ። «እኔ ልሞት ነው፤ እሷ ምግብ ታግዝልኛለች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አሰጋሽ ክፉ ሴት አይደለችም። ምን ፈልገሽ መጣሽ ብለን አንጠይቃትም፤ ልማዳችን ነው። የራባት ይመስለናል።»

«እንዴት ተረፉ ታዲያ?» አልኋቸው።

«አመሻሹ ላይ የአሰጋሽ ፍየል ጠፍታ ግቢዬ ገባች። እሷን ፍለጋ ስትመጣ አገኘችኝ። ፍየሏ ባትጠፋ ኖሮ ዛሬ እናንተን የሚከራከር አይኖርም ነበር።»

የምሥራች በዚህ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀን ወለላን የጎደላት ምን ነበር አባባ?» አለች።

ሽማግሌው ልጅቱን አየት አደረጉ። «ከእኔ ሌላ ሰው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ክርክር መሆኑ ቀረ። የምሥራች ወለላ «አያቴ ታሞብኛል» ብላ በብጣሽ ወረቀት መጻፍ ብትችል ኖሮ የአሰጋሽ ልጆች ያነቡላት እንደነበር አስረዳቻቸው። የአያቷንም ምልክት ማንም አያስረሳትም፤ እንዲያውም ለክፍል ጓደኞቿ ታስተምራለች፤ እሳቸውም በገበያ ቀን እየመጡ አዲሱን ይማሩ አለች። የት ትደር ሲሉ እኔ ቤት ባዶ ክፍል እንዳለ ነገርኋቸው።

«ባለቤትሽስ ምን ይላሉ፣ ልጄ?»

«አርፏል» አልሁ። «ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል።»

ነፍስ ይማር አሉና ሌላ አልጠየቁኝም። ወደ ወለላ ዞረው ረዘም ላለ ጊዜ በእጃቸው ተነጋገሩ። እሷም መለሰች። ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

«ቡናውን ማን ያገላብጠዋል ትላለች። እኔ ብላት አላመነችኝም።»

ይህ ከሆነ አራተኛ ዓመቱ ነው። ወለላ ታነባለች፤ ትጽፋለች፤ ሒሳብ ላይ ከክፍሏ የሚቀድማት የለም። የወባ ክኒን አወሳሰድ ታውቃለች፤ ክሊኒክ ገብታ ሕመሟን በጽሑፍ ታስረዳለች። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የምትጣላቸውና የምትታረቃቸው ጓደኞች አሏት። አያቷ በገበያ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የተማሩትን ሸኮ ወስደው ለጎረቤት አስተምረዋል። አሰጋሽ ዛሬ ወለላ በሯ ላይ ስትቆም፣ ምን ፈለግሽ ብላ በእጇ ትጠይቅና መልሱን ትጠብቃለች። ይህን ያዩ ሁለት ቤተሰቦች ከጓዳ ያዋሏቸውን መስማት የተሳናቸው ልጆች አምጥተውልናል። ልጅ ሲማር የሚጠቀመው ልጁ ብቻ እንዳልሆነ እኔ ከምናገር ሸኮ ሄዶ ማየት ይቀላል።

ባለፈው ወር አቶ ባዘዘው ኮታቸውን ለብሰው መጡና ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ኃላፊው ፊት ቆመው ወለላ ከአራተኛ ክፍል በኋላስ የት ትማራለች አሉ። ጉዳዩ ይታሰብበታል ተባሉ። እሳቸውም ታስቦ እስኪያልቅ በየገበያው ቀን እየመጡ ደጅ እንደሚቀመጡ በትሕትና ገለጹ፤ እስከ ዛሬም አልቀሩም።

ልዩ ክፍላችን የሚያስተምረው እስከ አራተኛ ነው። ወለላ በሰኔ አራተኛን ትጨርሳለች። ለአምስተኛ ክፍል መምህር የለንም።