ለሁለት ጉሮሮ አንድ ቱቦ

ነይ ግቢ እቱ፣ ደጃፉ ላይ አትቁሚ፣ ዘይት ፈስሶበታል። እዚህ ጎማው ላይ ተቀመጪ፤ ጠርጌዋለሁ። ጓንቱ ልክ ሆነሽ? እሰይ። ፀጉርሽንስ እንዲህ ያሳጠርሽው ለሄልሜቱ ብለሽ ነው? ያምርብሻል። የእኔን እንኳ ዛሬ አትዪብኝ። ጠዋት ሳሙናውን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንደቆምኩ ውኃው ቀጥ! ለካ እታች ጓሮ አንድ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ባልዲ ይሞላል። ለቤቱ ያለው አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ ታች ሲከፈት ላይ ይደርቃል። ሁሉም ዝግ ሲሆን ግን ግፊቱን ብታዪው ግድግዳ ይበሳል ትያለሽ… ጥፋቱ የማን ነው? የማንም። የቧንቧ ነገር እንዲህ ነው።

ወንድምሽ? እዚያው መኪናሽ ሥር ነው። እግሩ አይታይሽም? ተይው፣ አትጥሪው። ባሌ ሥራ ሲይዝ ጆሮ የለውም። ሥራ ባይዝም ያው ነው። እኛ የራሳችንን እንጫወት።

ስለ አንድ የማውቀው መካኒክ ላጫውትሽ። አታውቂውም። እኔም አንዳንድ ቀን የማላውቀው ይመስለኛል።

እንዴት ያለ ባለሙያ መሰለሽ! የሞተር በሽታ ከድምፁ ብቻ ያውቃል። እሱ ላይ ደግሞ ፈጣሪ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልጨመረበትም። ሌላው መካኒክ ይለካል፣ ይፈትሻል፣ ተመልሶ ይለካል። ምስኪን! እሱ አየት ያደርግና “ልክ ነው” ይላል። ነገሩም ፈርቶት ልክ ይሆናል… ብዙ ጊዜ።

ይኸው ሰው በቅርቡ ካርቡራተር ያላት አንዲት አሮጌ መኪና ላይ ናይትረስ የሚሉትን ጉልበት ሰጪ ጋዝ ገጠመ። እንዳንቺዋ ያለች ናት፤ መገጣጠም ነው እንጂ ምን ያገናኛቸዋል? ማብሪያዋን ስትጫኚ ጋዙ ሞተር ውስጥ ይገባል፤ መኪናዋም ጅራፍ እንደቀመሰ ፈረስ ትነሳለች። ደግ። ግን ጋዙ ብቻውን አይገባም፤ በዚያችው ቅጽበት ተጨማሪ ቤንዚን አብሮት መግባት አለበት። ቤንዚኑ ካነሰ እሳቱ ከልክ በላይ ይግላል፤ የሚበላው ሲያጣም ፒስቶኑን ይበላል። እኔ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ካንዴላ የምሸጥ ሴት ይህን ከየት አወቅሁት? ከዕቃው ጋር ከመጣው መመሪያ ነዋ! እሱ አላነበበውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምተሻል? እሱ ግን ከሁለቱ ወረቀቱን ወዲያው ለቀቀው።

ታዲያ ለጋዙ የሚሆነውን ቤንዚን ከየት አመጣው መሰለሽ? ከካርቡራተሩ ጉሮሮ። ከድሮዋ የቤንዚን ፓምፕ ወደ ካርቡራተሩ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ መሃሏ ላይ ቆረጣትና ለጋዙም ከዚያው ቀዳለት። ያቺ ፓምፕ እኮ ሞተሩን ብቻ ታጠጣ ዘንድ የተሠራች አሮጊት ናት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። እሱ ቆጣቢ ነው፤ በአንዱ ባላ ሁለት ሰው አንጠለጠለበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ቱቦ ቢያብር ግን… ምን እንደሚያቀልጥ አንቺው ጨርሺው።

ደግሞ ሳይፈትሽ የተወው እንዳይመስልሽ። ፈትሿል! የግፊት መለኪያ ጌጅ አስሮ፣ የምትነዳውን ልጅ ጠርቶ “ይኸው እዪ” አላት። መርፌዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ምን ያለ ግፊት! ልጅቱም በደስታ አጨበጨበች። ቤንዚኑ ግን ወዴትም አይሄድም ነበር። ሁሉም በር ዝግ፣ ሁሉም ነገር ጸጥ። ሳይሰጥ ሙሉ ያልሆነ ማን አለ እቱ? ሶፋ ላይ ጀግና ያልሆነ ወንድ አሳዪኝ! መመሪያው የሚለው ሌላ ነው፤ ከእሳት ራቁ፣ ቱቦውን በጋዙ በኩል ፈታችሁ ዕቃ ውስጥ ክተቱት፣ ቤንዚኑ በራሱ ቀዳዳ እየፈሰሰ ሳለ መርፌዋን እዩ ነው የሚለው። ያኔ ነው ማን ስንት እንደሚችል የሚታወቀው። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለባለሙያ ማን ደፍሮ ይነግራል? እኔ እንደሆንኩ አፌን ዘግቼ ሰነበትኩ። ጨጓራዬ ተነሳ። ሐኪሙ “ምን በልተሽ ነው?” ሲለኝ “ቃል ውጬ” አልኩት።

ከዚህች መኪና በፊት የአንድ ቆርቆሮ ነጋዴ መኪና ነበረችው። እሷም ላይ ጋዙን እንዲሁ ገጠመ። ሞክሮ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ሲፈታቸው ነጭ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ ነጭ! ሌላ መካኒክ ቢሆን “ቤንዚን አንሶታል” ብሎ ይደነግጥ ነበር። እሱ በብርሃን አገላበጣቸውና “እንዴት ንጹሕ ሆነዋል!” አለ። ንጽሕና ነፍሱ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ፒስቶኑ እንደ ሻማ ፈሰሰ። ሰውዬው ሞተሩን ተሸክሞ ሲመጣ ምን አለው? “እግርህ ከባድ ነው፤ አብዝተህ ትረግጣለህ።” እውነቱን ነው እኮ! የእሱ ስሕተት ሁልጊዜ የሚገኘው ሌላ ሰው እግር ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አዲሷ ነጂ ከወዲሁ ሲያወራ ሰማሁት። “ጎበዝ ናት፣ ብቻ እግሯ…” ይላል። አርቆ አሳቢ ማለት ይህ ነው። ሌላው ለክፉ ቀን እህል ያስቀምጣል፤ እሱ ምክንያት ያስቀምጣል።

ምነው እግርሽን ሰበሰብሽ? አንቺን አልኩሽ እንዴ?

ልጅቱ ነገ በዚያ በድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ እግሯን እስከ ወለሉ ረግጣ ማብሪያዋን ትጫናለች። ሞተሩ በዚያ ፍጥነት ላይ ድርቅ ብሎ ቢቆም፣ የኋላ ጎማው ቢታሰር… ተይው፣ ክፉ አልናገርም። እሷ ምንም አትጠረጥርም። ወንድሟን… ኧረ ምን ነካኝ፣ መካኒኳን ማለቴ ነው፣ ታምነዋለች። ሰው ያላመነው ሰው የሠራትን መኪና እንዴት ይነዳል? እኔ የምለው ግን… መጀመሪያ ራሱ ለምን አይሞክራትም? ለካ ወገቡን ያመዋል። ጋዙ ከተገጠመ ወዲህ ነው ያመመው።

ይህቺን ነው የምታዪያት? ይህቺማ ሁለተኛ ፓምፕ ናት፣ ከነቱቦዋ፣ ከነግፊት መቆጣጠሪያዋ። ከመደርደሪያ ያወረድኳት አቧራ ልጠርግላት ብዬ ነው። ከታንኩ ለብቻዋ ብትስብ፣ ካርቡራተሩም የራሱን ይጠጣል፣ ጋዙም የራሱን ይጠጣል፤ ማንም የማንንም ጉሮሮ አይነጥቅም። ለአንድ ጎበዝ እስከ ማታ የማትሞላ ሥራ ናት። ግን ማን ይፈልጋታል? አንዴ “ልክ ነው” የተባለ ነገር…

ውይ! እግሬ ነካት መሰለኝ። ካርቶኗ ተንሸራታ መኪናው ሥር ገባች! ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እግሬ እኮ አንዳንዴ አልታዘዝ ይለኛል። የእኔም ከባድ ሳይሆን አይቀርም።

እሽሽ… ሰማሽ? የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ተኝቶ ይሆን? እዪ፣ እዪ፣ እጅ ወጣ። ካርቶኗን ዳበሳት… ያዛት… ወደ ዳር ገፋ አደረጋትና ካቻቢቴውን አንስቶ ተመለሰ። ምን ያለ እጅ ነው! የሚፈልገውን የሚያውቅ እጅ።

በይ ይብቃን፣ ለሐሜት አይሁንብን። የሰው ስም አነሳሁ? አላነሳሁም። ያ መካኒክ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም። እህት አለችው፤ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ስለዚህ ልመርቀው። አንቺም አሜን በይ፤ ጮክ ብለሽ በይው፣ ምርቃት በሹክሹክታ አይደርስም።

ፈጣሪ እጁን ይባርክለት። ስሙን ከሞተር ድምፅ በላይ ያሰማለት። ልቡ እንዲህ እንደሞላ፣ ገላው እሾህ ሳይነካው በደህና ይሽበት። የሠራትን መኪና ሁሉ፣ ዕድሜ ልኩን፣ ሌላ ሰው ይንዳለት።