አልበላም ያለው ምስጥ

በእኛ ጊዜ እንግዳ "በቃኝ" ቢል ማን ይሰማዋል? "በሞቴ! እኔ ልሙትልህ!" ተብሎ ይጨመርለታል እንጂ። አትሳቁ፣ እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄው ልማድ ነው።

ያኔ በምኖርበት በሰው አገር ኮሮና ገብቶ፣ ክሊፕታውን ሰፈር ያለችው ሱቄ ተዘግታ፣ ትሮይቪል ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ልጄ ምህረት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ቅጠል እየቆረጠ የሚወስድ ምስጥ የትኛውን ዛፍ እንደሚመርጥ እርሻ ድረስ ሄዳ ልታጠና ነበር፣ እና መንገድ ተዘጋ። ታዲያ እሷ መች እጅ ትሰጣለች! ጓሯችን የምስጥ ጉድጓድ አገኘችና፣ መምህሯን በስልክ አስፈቅዳ፣ የአቮካዶ፣ የጃካራንዳ፣ የባህር ዛፍ ቅጠል ዙሪያውን በእኩል ርቀት ደረደረች።

"አባዬ፣ ፕሊስ፣ ሦስት ቀን እንዳትነካው። ይሄ ካልተሳካ ዘንድሮ አልመረቅም" አለችኝ።

እሺ አልኩ። እና በሁለተኛው ቀን ጠዋት ባየው፣ አቮካዶው አልቋል፣ ጃካራንዳው ተገማምሷል፣ ባህር ዛፉን ግን ዞር ብለውም አላዩት። "ልጄ ወደቀች!" አልኩ። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ባህር ዛፉን በስኳር ውሃ አሸሁና ጉድጓዱ አፍ ድረስ አስጠጋሁላቸው፤ "ብሉ እንጂ፣ በሞቴ!" እያልኩ!

ስኳሩ የጠራው ጥቁር ጉንዳን ነው። ከሰዓት ምስጡን አባሮ ጉድጓዱን ወርሶታል። ምህረት መጥታ አየች።

"ማነው የነካው?"

"ነፋስ ይሆናል" አልኩ። ጣቴ እኮ በስኳር ተጣብቋል! እና እንባዋ ሲመጣ አላስቻለኝም። "እኔ ነኝ ልጄ፣ አልበላ ቢሉ አሳዝነሽኝ ነው።"

"ኖ፣ አባዬ! አለመብላታቸው እኮ ነው መልሱ! ምስጥ የማይነካው ዛፍ ከታወቀ ገበሬው እሱን ይተክላል!"

አፈርኩ፣ በእውነት አፈርኩ። ወዲያው ማስኬን አድርጌ አጥር ሥር ሄድኩና ጎረቤታችንን አሮጊቷን በአገሬው ቋንቋ "ሰላም እማማ" ብዬ ጠራሁ። "ሳውቦና ጎጎ! ጓሮዎ ምስጥ አለ?"

"ዬቦ፣ አዎ! ሣሬን ጨርሶት የለም እንዴ! ትምጣ ልጅቷ!"

እና እንደገና ተጀመረ። ሦስት ቀን ሙሉ አጥሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ። ባህር ዛፉ ሳይነካ ሲውል "ጎሽ! እንዳትበሉ!" እያልኩ። ተመረቀች! በዙም ነው፣ ግን እኔ ሱፌን ከነከረባቴ ለብሼ ነው ያጨበጨብኩት።

ከዚያ ወዲህ "በቃኝ" ያለኝን ሰው አምናለሁ።

"ውሸት!" አለች ምህረት ማዕዱ ላይ ከጎኔ ሆና። "ታዲያ አሁን ሳህኔ ላይ ማን ጨመረ?"

"አንቺ ምስጥ ነሽ እንዴ? ብይ፣ በሞቴ!"